ወደ የካቲት 23 የተደረገ ጉዞ

በ2006 ዓ.ም. የካቲት 23 እሁድ ዋለ። በ1888ም እሁድ ነበር። ቀኑና ዕለቱ እንዲህ ሲገጥሙ ዓድዋ ላይ መገኘት አለብን ብለን ከአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር ተነሳን። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። መኪናው የእሱ ነው፣ ደብተሩና ቀን መቁጠሪያው የእኔ። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ስለነበር በየመንገዱ የምበላው ሽሮ እንደሆነ ከቤት ሳልወጣ አውቄዋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19፦ ከአዲስ አበባ ደሴ

ከመውጣታችን በፊት አራዳ ጊዮርጊስ ጎራ አልን። ጉዞው ከዚያ ካልጀመረ ከየት ይጀምራል? ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል የተሠራው ለዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ድሉ የተገኘው በጊዮርጊስ ዕለት ነዋ። ታቦቱም ከዘማቹ ጋር ዓድዋ ድረስ ወርዶ ነበር ይባላል።

እዚህ ግቢ ውስጥ 23 ቁጥር ደጋግሞ ይመጣል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እዚሁ ነገሡ፣ ቀኑም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነበር። እሱም የጊዮርጊስ ዕለት ነው። በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ንጉሥ የሚነግሥበት ቀን በዘፈቀደ አይመረጥም።

ደጁ ላይ ያለው የምኒልክ ሐውልት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ ሲገባ ከቦታው አነሣው። ከድል በኋላ ተመልሶ ቆመ። ካቴድራሉም በየካቲት 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በነበረው ጭፍጨፋ እሳት ተለቆበታል። አርባ ዓመት ቆይቶም ቢሆን ዓድዋን የሚያስታውስ ነገር ሲያዩ እጃቸው አላረፈም ማለት ነው።

ደብረ ብርሃንን አለፍን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ዋሻውን ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ብርዱ በአንዴ ለቀቀን። ከዚያ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ። ደሴ የገባነው ማታ ነው።

ምኒልክ ከአዲስ አበባ የተነሡት ጥቅምት 2 ቀን 1888 ነው። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገኝ ታውጆ ነበር። ከጥቅምት እስከ የካቲት ማለቂያ፣ በእግርና በበቅሎ፣ ስንቁ በአህያና በሰው ጫንቃ። እኛ በአንድ ቀን ደሴ ገብተን ወገባችንን አመመን እያልን ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20፦ ከደሴ ማይጨው

ውጫሌ ብዙ አልቆየንም። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው፣ አንቀጽ 17ንም ሁሉም ተምሮታል። ቡና ጠጥተን ቀጠልን።

ወልድያ፣ ቆቦ፣ አላማጣ። ከአላማጣ በኋላ መኪናው ግራት ካሕሱን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሜዳው ከታች እየራቀ ይሄዳል። ኮረምን ስናልፍ ሐሸንጌ ሐይቅ ብቅ አለ፣ ዳርና ዳሩ ከብት የሚጠጣበት ሰፊ ውሃ። በ1928 ከማይጨው የተመለሰው ሠራዊት በዚህ አካባቢ ሲያፈገፍግ አውሮፕላን ቦምብና መርዝ ጋዝ አዝንቦበታል። ጓደኛዬ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ብዙም አላወራንም።

ማይጨው ምሳ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ተቀመጡ። የት እንደምንሄድ ጠየቁን። ነገርናቸው።

«ጥሩ ነው፣ ዓድዋ ሂዱ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ያሸነፍንበትን ቀን ታከብራላችሁ። እዚህ ያለቁትን ልጆች ቀን ማን ያክብርላቸው?»

«ቀኑ መቼ ነው አባቴ?» አላቸው ጓደኛዬ።

«መጋቢት 22 ነዋ! እንዴት አታውቁም ልጆቼ?»

እኔ ቀኑን በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ሲነገር ግን ሌላ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የመሩት ጦርነት እዚህ ተደርጎ ተሸነፍን። ወር ከምናምን ሳይቆይ፣ ሚያዝያ 27፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደዚያችው ከተማ ተመልሰው ገቡ። ከተማዋ የተያዘችበት ቀን ነፃ የወጣችበትም ሆነ። የአርበኞች ቀን ብለን የምናከብረው ይኼን ነው። በየወሩ 27 ደግሞ መድኃኔ ዓለም ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም፣ አርበኞች ሐውልት ጋ የሚሄደውም፣ የወደቀ ዘመድ ያለውም የየራሱን ይዞ ይወጣል። ለማይጨው ግን እንዲህ ያለ ቀን አልተሰጠውም። ሽማግሌው ትክክል ናቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 21፦ በአምባላጌ ወደ መቀሌ

ማርያም ነበረች። ጠዋት ማይጨው ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር።

አምባላጌ ከሩቅ ይታያል። ስንቀርበው መንገዱ ወደ ላይ ይጠመዘዛል። ኅዳር 28 ቀን 1888፣ በአማኑኤል ዕለት፣ የጣሊያኑ ሜጀር ቶዜሊ ከነጦሩ እዚህ ተሸነፈና ሞተ። ሰልፉን ቀድሞ የከፈተው ፊታውራሪ ገበየሁ ነው። ከዚያ በ1933 ግንቦት ላይ የጣሊያኑ ገዢ ዱክ ዳኦስታ ጦሩን ይዞ እጁን የሰጠው በዚሁ ተራራ ነው። ሁለቱም አንድ ገደል ላይ ሆነ። እላይ ንፋሱ ስለሚበረታ ጓደኛዬ ፎቶ ሲያነሣ ስልኩን በሁለት እጁ ነበር የያዘው።

መቀሌ ከሰዓት ገባን። እንዳ ኢየሱስ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ኮረብታ ነው። ሜጀር ጋሊያኖ በጥር 1888 ምሽጉን ይዞ የተከበበው እዚያ ነው። ምሽጉ በጥይት አልተሰበረም። የተሰበረው የሚቀዳበት ምንጭ ሲያዝበት ነው፣ ይኼንንም ያሰቡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ጋሊያኖ እጁን ሰጥቶ በሰላም ተሸኘ፣ ተመልሶም ዓድዋ ላይ ሞተ። ኮረብታው ላይ ተማሪዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ያጠናሉ። አንዷን ምንጩ የት እንደነበር ጠየቅኳት። በእጇ ወደ ታች አሳየችኝና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

ማታ የሆነው ነገር ግን የጉዞው ዋናው ነው።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ወንድም መሪጌታ ናቸው። እራት ላይ ስለ እሁዱ አነሣሁ። «በ1888 እሁድ እንደነበር አውቃለሁ፣ የዐቢይ ጾም ስንተኛው እሁድ ነበር?» አልኳቸው። እስክሪብቶ ጠየቁኝ። በደረሰኝ ጀርባ ላይ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌት፣ ማስላት ጀመሩ።

«5500 ዓመተ ኩነኔ፣ 1888 ዓመተ ምሕረት። ዓመተ ዓለሙ 7388። ለ19 ግደፈው። ስንት ተረፈ?»

«16።»

«አንድ ለዘመን ስጥ። ወንበሩ 15። 15 ጊዜ 19፣ 285። በ30 ግደፈው። 15 ይተርፋል፣ መጥቅዑ እሱ ነው።»

ቁጥሩ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 15 ላይ ይውላል። የዚያ ዓመት መስከረም 15 ረቡዕ ነው። የረቡዕ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 4። 15 እና 4፣ 19። ነነዌ ጥር 19 ገባ ማለት ነው። ከዚያ 14 ቀን ሲቆጠር ዐቢይ ጾም የካቲት 3 ይገባል። የጾሙ አምስተኛ እሁድ፣ ደብረ ዘይት፣ የካቲት 30 ይውላል። መሪጌታ ደረሰኙን ወደ እኔ ገፉት።

«ደብረ ዘይት 30 ከሆነ፣ ከእሱ በፊት ያለው እሁድ 23 ነው። አራተኛው እሁድ፣ መጻጉዕ ነበር።»

ለካስ ያ ሰው ሁሉ ጾም ላይ ነበር! ያን ዕለት ጠዋት የሚነበበው ወንጌል 38 ዓመት አልጋ ላይ የነበረው በሽተኛ ታሪክ ነው። «ተነሥ፣ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» የተባለው። ዓድዋን ስንት ጊዜ ስሰማ አድጌ ይኼን የነገረኝ አልነበረም።

«ከዚያ ወዲህስ እንዲህ ገጥሞ ያውቃል?» አልኩ። መሪጌታ ከእራቱ በኋላም አልተነሡም። ደረሰኙ ሞልቶ ሌላ ወረቀት መጣ። በስተመጨረሻ አንድ ዓመት ብቻ አገኙ፣ 1972። የካቲት 23፣ እሁድ፣ መጻጉዕ። እኛ በሄድንበት በ2006 እሁዱ ቢገጥምም ጾሙ ገና ሁለተኛው እሁድ፣ ቅድስት ላይ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22፦ በነጋሽ ወደ ዓድዋ

ውቅሮን አልፈን ነጋሽ ቆምን። ነቢዩ መሐመድ ሰሓቦቻቸውን (ተከታዮቻቸውን) በፈረንጆቹ 615 ገደማ ወደ ሐበሻ ሲልኩ ንጉሡ ነጃሺ ተቀብሎ አስጠለላቸው። የነጋሽ መስጊድ የዚያ መታሰቢያ ነው። ጓደኛዬ ውዱእ አድርጎ ሰገደ። እኔ ውጭ ጠበቅኩት።

ሲወጣ ስልኩን እየነካካ ነበር። የማታው ስሌት እሱንም ከንክኖታል። «የእኛስ መቼ ነበር ብዬ አየሁ» አለኝ። የካቲት 23 ቀን 1888 ወደ ሒጅራ ሲቀየር 1313 ላይ ይወድቃል። ወሩ ረመዳን። አጋማሹ።

ሁለታችንም መኪናው ላይ ተደግፈን ቆምን። ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾም ላይ፣ ሙስሊሙ ረመዳን ላይ! ከወሎም ከሌላም አገር ብዙ ሙስሊም ዘምቷል። መንገደኛ ጾሙን ማዘዋወር እንደሚችል ጓደኛዬ ነገረኝ። ቢሆንም ወሩ ወሩ ነው። በወዲያ በኩል ከጣሊያን ጋር የተሰለፈው አስካሪም (ጣሊያን የቀጠረው ያገሬው ወታደር) እንደዚሁ ክርስቲያንና ሙስሊም ነበር። የዚህ አገር ሰው በሁለቱም ወገን እየጾመ ነው የተዋጋው። ይኼ ሐሳብ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

አዲግራት ሻይ ጠጣን። ከዚያ ወደ እንትጮ። የጣሊያኑ አዛዥ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ሳውሪያ ላይ የሰፈረው በዚህ አካባቢ ነው። የአገሩ ሰው የባሻይ አውዓሎምን ስም ያነሣል። ለጣሊያን የሚሰልል መስሎ፣ የምኒልክ ሠራዊት ለስንቅና ለበዓል ተበትኗል ብሎ ባራቲየሪን አሳምኗል ይላሉ።

ባራቲየሪ ጦሩን በሌሊት ያስነሣው ቅዳሜ የካቲት 22 ነው። እኛም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ዕለት ላይ ነን። በእነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 ነበር፣ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ቀን። ጨረቃዋ ከሞላች ገና መጉደል መጀመሯ ነበር። ረመዳን አጋማሽ ላይ ከሆነ ሌላ ሊሆን አይችልም። ጦሩ በጨረቃ ብርሃን በዚህ ድንጋያማ አገር ሄደ። አልቤርቶኔ በግራ፣ ዳቦርሚዳ በቀኝ፣ አሪሞንዲ በመሐል፣ ኤሌና በደጀን። አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ፍለጋ ከሌሎቹ ርቆ ወደፊት ሄደ። በእጃቸው የነበረው ካርታ ስሙን የጻፈው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር። ሲነጋ ብቻውን ሆኖ ተገኘ።

አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፣ የፈረንጅ መጽሐፍ ማርች 1 ይላል፣ እኛ ግን በዓሉን በማርች 2 ነው የምናከብረው። ሁለቱም ልክ ነው። የፈረንጆቹ 1900 በአራት ቢካፈልም ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የእኛ ቀን ከእነሱ ጋር በአንድ ተንሸራትቷል። የካቲት 23 ግን የካቲት 23 ነው።

ዓድዋ ስንደርስ ፀሐይዋ ከሰሎዳ ጀርባ እየገባች ነበር። ክፍል ማግኘት አስቸገረን። አንዲት እናት ሳሎናቸው ውስጥ ፍራሽ ዘረጉልን። «ለጊዮርጊስ ነው የመጣችሁት ለድሉ?» አሉን። «ለሁለቱም እማማ» አልኩ። «እንግዲያ በሌሊት ተነሡ» አሉ።

እሁድ፣ የካቲት 23፦ ዓድዋ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጓደኛዬ ሱብሒውን ቤት ሰግዶ ከቅዳሴ በኋላ ሊያገኘኝ ተስማማን።

በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል የለም። ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ፣ ዝግ ባለ ዜማ፣ ጾመ ድጓውን ይቆማሉ። እኔ የጊዮርጊስን በዓል የማውቀው በከበሮ ድምቀት ነው። እዚህ ግን መቋሚያው መሬቱን ሲነካና የሽማግሌዎቹ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። በ1888ም እንዲሁ ነበር ማለት ነው። ንጉሡና እቴጌይቱ በዚያ ሌሊት ቅዳሴ ላይ እንደነበሩ ይነገራል። የመጀመሪያው ተኩስ የተሰማው ጎሕ ሲቀድ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ያገር ልብስ የለበሱ ሽማግሌዎች ጋሻና ጎራዴ ይዘው አደባባይ ወጡ። ትንንሽ ልጆች ባንዲራ በእንጨት ላይ ሰክተዋል። ሽለላውና ፉከራው ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ያጣሁት ከበሮ ውጭ ጠበቀኝ። ጓደኛዬ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ አንገቱ ላይ ባንዲራ አስሮ መጣ።

ከሰዓት አንድ የአገሩን ልጅ ይዘን ወደ ምሥራቅ ወጣን። ተራሮቹን እየጠቆመ በየስማቸው አሳየን፦ ሰማያታ፣ ራዕዮ፣ ኪዳነ ምሕረት። ሹል ሹል ናቸው። እርስ በርስ ስለሚጋረዱ አንዱ ጋ የቆመ ሌላው ጋ ያለውን አያይም። የጣሊያን ጦር ለምን እንደተቆራረጠ እዚያ ቆሞ ላየ ማስረዳት አያሻውም። ጄኔራል ዳቦርሚዳ የሞተው ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ነው። አሪሞንዲም ሞተ። አልቤርቶኔ ተማረከ። ከእኛ ወገን የአምባላጌው ፊታውራሪ ገበየሁ እዚህ ቀረ፣ ደጃዝማች በሻህም እዚህ ቀሩ። ስማቸው ያልተጻፈ ሺዎችም እዚህ ቀሩ። ልጁ የሚያርሱ ሰዎች አንዳንዴ የጥይት ቀለህ እንደሚያገኙ ነገረን።

አባ ገሪማ ገዳም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ጣሊያኖቹ መጀመሪያ ውጊያውን በዚህ ገዳም ስም ነበር የሚጠሩት። እዚያ ያሉት ወንጌላት በዓለም ካሉት እጅግ ጥንታዊ ሥዕላዊ ወንጌሎች መካከል ናቸው። ያ ሁሉ መድፍ በአጠገባቸው ሲያገሳ ተርፈዋል። በአዲስ አበባ ሱቆች የሚሸጠውን የዓድዋ ሥዕል ያየ ሰው ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ሆኖ ከሰማይ ሲዋጋ ያውቀዋል። በቀይ፣ በአረንጓዴና በቢጫ ቀስተ ደመና መሐል ቆሞ ጦሩን ወደ ጣሊያን ወገን ይዘረጋል። ሠዓሊዎቹ የታሪክ መጽሐፉ የለያየውን ቀን አልለያዩትም።

እኔም ካሁን በኋላ አልለየውም። በትምህርት ቤት የካቲት 23 የድል ቀን ብቻ ነበር። በቤት ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። እዚያ ኮረብታ ላይ የነበረው ሰው ግን ሁሉንም አንድ ላይ ነው የኖረው። እሁዱን፣ ጊዮርጊስን፣ መጻጉዕን፣ ረመዳኑን፣ ረሃቡን፣ ተኩሱን። በዓሉን የሚያዘጋጁ ሰዎች ይኼን ሁሉ ቢነግሩን ምን አለበት? ንግግር ከሚበዛ፣ አንድ መሪጌታና አንድ ሼኽ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው ያን ቀን በየራሳቸው አቆጣጠር ቢያስረዱን እመርጣለሁ። ውጤቱን ለማወቅማ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሮም የክሪስፒ መንግሥት በቀናት ውስጥ ወደቀ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ ነፃነት ዕውቅና ሰጠች፣ የውጫሌም ውል ቀረ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ተክለ ሃይማኖት ነው። ያሳደሩንን እናት አመስግነን ወደ አክሱም ወጣን፣ በመኪና ቅርብ ነው። ቀን መቁጠሪያዬ ላይ የካቲት 23 ሥር «መጻጉዕ፣ ረመዳን» ብዬ በእስክሪብቶ ጨመርኩበት። ጓደኛዬ ተቀበለኝና አንድ ገጽ ገልጦ መጋቢት 22ን አከበበ። ከሥራ ፈቃድ ካገኘን ማይጨው እንመለሳለን፣ ሽማግሌውንም እንፈልጋቸዋለን።